ሁለት መጽሐፍ ይዞ መግባት ይቻላል

መጽሐፍ መምረጥ ሚስት ከመምረጥ ይከብዳል ብዬ ባለቤቴ ፊት ተናግሬ አውቃለሁ። አልተቆጣችም። የመረጥከው አንተ መስሎህ ነው እንዴ? ብላ ሳቀችብኝና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ይሄን ያስታወሰችኝ የእህቴ የልጅ ልጅ ሰሚራ ናት። ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ ለጥየቃ መጣች። የአካባቢ ምህንድስና ተምራ ጨርሳ፣ አሁን የሙያ ፈቃድ ፈተና ልትፈተን ነው። ፈተናው መጽሐፍ ይዞ መግባት ይፈቅዳል አሉ። ታዲያ ልጅቷ እንቅልፍ አጥታለች። ስልኳን አውጥታ የመጽሐፍ ፎቶ በፎቶ አሳየችኝ። ይሄኛው ሁሉም ነገር አለው ግን ማውጫው አይረባም፣ ያኛው ማውጫው ጥሩ ነው ግን ቀመሮቹ የድሮ ናቸው፣ ሦስተኛው ጥሩ ነው ግን ለመሸከም ጉልበት ይጠይቃል። አባባ፣ አንተ ብትሆን የትኛውን ትይዛለህ? አለችኝ።

እኔን መጠየቋ ራሱ ደስ አለኝ። ጡረታ የወጣ ሰው ስለ ግፊቱና ስለ ጉልበቱ ካልሆነ ማን ይጠይቀዋል? ተደላድዬ ተቀመጥኩና፣ እኔ በዚህ ጉዳይ አንድ ጊዜ ከፈተና ተባርሬያለሁ አልኳት። ስልኳን አስቀመጠች።

ነገሩ የሆነው በስድሳ ስድስት ነው፣ በድርቁ ጊዜ። ያኔ የአካባቢ መሐንዲስ የሚባል የለም። እኛ ሳኒታሪያን እንባላለን፤ የቆቦ ሰው ግን የሽንት ቤት ሐኪም ነበር የሚለን። ሥራችን ውሃ፣ ቆሻሻና ዝንብ ነው። እኔ የጎብዬ ልጅ ነኝ፤ ቆቦ ጤና ጣቢያ ሲመድቡኝ እናቴ ልጄ ሐኪም ሆነ ብላ ለጎረቤት ሁሉ ነገረች። ምን እንደማክም ሲጠይቋት ወሬ ትቀይራለች።

ቆቦን የምታውቅ ታውቃታለህ። ሙቀቷ ሌላ ነው፤ ምድሯ ግን ዝናብ ካገኘ ማሽላው ግመል ይሸሽጋል። የዚያን ዓመት ማሽላ ቀርቶ ገለባ አልነበረም። ከዞብል በኩል፣ ከዋጃ በኩል፣ ከሮቢት በኩል ሰው እየተነሣ አስፋልቱ ዳር መጥቶ ይቀመጣል። አውቶቡስ ሲመጣ ይነሣል፣ ሲያልፍ ይቀመጣል። በኋላ ከከተማው ጫፍ መጠለያ ተሠራ። መጠለያ ስል ቆርቆሮና ሸራ ነው። እህል አንዳንድ ቀን ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን አይመጣም። ውሃው ግን የባሰ ነበር። ሆርማት ወንዝ ደርቆ አሸዋ ሆኗል፤ ሰዉ አሸዋውን በእጁ እየጫረ የሚጠራቀመውን ይጠጣል። አህያውም ከዚያው፣ ከብቱም ከዚያው። ከረሃቡ የተረፈውን ተቅማጡ ይወስደዋል። እኔ ይሄን በየቀኑ እያየሁ ሪፖርት እጽፋለሁ። በነገራችን ላይ ረሃብ ብለህ መጻፍ አይፈቀድም ነበር። የዝናብ መዛባት ነው የሚባለው። በዝናብ መዛባት የሞተ ሰው ቀብሬያለሁ ማለት ነው።

ደሴ ከሚገኘው መሥሪያ ቤታችን መጋዘን ውስጥ አንድ የእጅ ፓምፕ እንዳለ ሰማሁ። ጠየቅሁ። መልስ መጣ፤ ቦታ መርጦ በፊርማው የሚያረጋግጥ የሙያ ፈቃድ ያለው ሰው ሲቀርብ ፓምፑ ይለቀቃል። ከቆቦ እስከ ወልድያ ፈቃድ ያለው ሰው አልነበረም። ፈቃድ የሌለው ግን አንድ ነበር፣ እሱም እኔ ነኝ። የፈቃድ ፈተናው ወር አልቀረውም። ብወድቅ ሌላ ፈተና የሚሰጠው በዓመቱ ነው። መጠለያው ውስጥ ያለ ሰው ዓመት አይጠብቅም፤ ይሄን ለማወቅ ፈቃድ አያስፈልግም።

ከፈተናው ጥሪ ጋር ደንቡ ተያይዞ ነበር። ተፈታኝ ሁለት መጽሐፍ ይዞ መግባት ይችላል። በመጽሐፉ ውስጥ የእጅ ጽሑፍ ከተገኘ ግን ከፈተናው ይሰረዛል። የተጠቀመበትን መጽሐፍና ገጽ ከመልሱ ሥር ይጠቅሳል።

እኔ ደግሞ በእጄ የነበሩት አራት ናቸው፣ ሁሉም የፈረንጅ። አንደኛው ወፍራም ቀይ መጽሐፍ ነው፣ ስለ ውሃ። በውስጡ ያለው ማጣሪያ ብቻ የቆቦን ከተማ ያክላል። ሁለተኛው የሰንጠረዥ መጽሐፍ ነው፤ ቁጥር እንጂ ፊደል የለውም። ሦስተኛው ስለ ፋብሪካ ጭስ ነው። ቆቦ ውስጥ የጭስ ማውጫ ያለው ዳቦ ቤቱ ብቻ ነበር፣ እሱም ዱቄት ጠፍቶ ተዘግቷል። አራተኛው ቀጭን አረንጓዴ መጽሐፍ ነው፤ ስለ ሽንት ቤት አቆፋፈር። ይሄን ከእጄ አልለየውም ነበር። መጠለያው ውስጥ የሽንት ቤት ጉድጓድ ሲቆፈር ገልጬ እያየሁ፣ እዚህ ጋ ጥልቅ አድርጉ፣ እዚያ ጋ አፈሩን መልሱ እላለሁ።

እንግዲህ ምረጥ። ቀዩ ያለ ጥርጥር ይገባል። የጭሱ ይቅር። ከሰንጠረዡና ከአረንጓዴው የቱ? አረንጓዴውን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ስለዚህ ሰንጠረዡን ያዝኩ። በጣም ብልህ ምርጫ ነበር፣ አሁንም እላለሁ። ከዚያ ላጲስ ገዝቼ በመጽሐፎቼ ዳር ዳር በእርሳስ የጻፍኩትን ማጥፋት ጀመርኩ። የአራት ዓመት ዕውቀቴን በሁለት ቀን አጠፋሁት። አራቱንም ነው ያጸዳሁት፤ ጥንቃቄዬ እንዲህ ነበር።

አሁን ሼህ ሙሄን ላስተዋውቅህ። ልጅ ሳለሁ አባቴ ቁርአን እንድማር ከጎብዬ ቆቦ ድረስ ወስዶ ለሳቸው ሰጥቶኝ ነበር። አሊፍ፣ ባ፣ ታ፣ ሳ ብዬ ጂም ላይ ስደርስ ጠፋሁ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ኳስ ነበረው። ሼሁ ቂም አልያዙም፤ ሳኒታሪያን ሆኜ ስመለስ ያ ጂም ላይ የጠፋው ልጅ መጣ እያሉ ለሰው ያሳዩኝ ነበር። አባታቸው በዚያ ቆላ የታወቁ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበሩ። ስለዚህ የፓምፑን ነገር የሰሙ ዕለት ጤና ጣቢያ ድረስ በምርኩዝ መጡና የት ልታስቆፍር ነው? አሉኝ። ከመጠለያው በታች ባለችው ግራር ሥር አልኳቸው። ቅርብ ናት፣ ሴቶቹ አይደክሙም፤ ቀዩ መጽሐፍም ለተጠቃሚው ቅርብ ይሁን ይላል።

ሼሁ እዚያ አይሆንም፣ ሌላ ቦታ አለ ብለው ሊያስረዱኝ ጀመሩ። እኔ ግን የምሰማበት ጆሮ አልነበረኝም። በየትኛው መጽሐፍ ላይ አለ? አልኳቸው። ሌላ ቀን መጡ፤ ጀመሩ። አሁንም በየትኛው መጽሐፍ አለ፣ ሼህ? አልኳቸው። ይሄን ቃል እወደው ነበር። ሰው ሁሉ ዝም ይልበታል። እሳቸውም ምርኩዛቸውን አንሥተው ሄዱ።

ለፈተናው ደሴ የምሄድበት ቀን ሲደርስ መጠለያው ውስጥ ወዳጃ ይደረግልህ ተባለ። ወዳጃ፣ ለማያውቅ፣ ሰው ተሰብስቦ ለቸገረው ጉዳይ ዱዓ የሚያደርግበት ነው። በእኛ አገር ክርስቲያኑም አብሮ ተቀምጦ አሚን ይላል። ጫትም ቡናም አልነበረም፣ ከየት ይመጣል? ሰዉ ባዶውን ተቀመጠ። እኔ መጽሐፎቹን የመኪና አቧራ እንዳይነካቸው በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ይዤ መጣሁ። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። እኛ አገር በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ የሚያዝ መጽሐፍ ምን እንደሆነ ለማንም አይነገርም። ገና ሳስቀምጠው ሙስሊሙ ቢስሚላሂ አለ፣ ክርስቲያኑ አማተበ።

ዘሀራ የምትባል ሴት ነበረች፣ ከዞብል ሥር የመጣች። ሁለት ልጆቿን መንገድ ላይ ቀብራ፣ አንዲቱን ይዛ ነው የደረሰችው። ጨርቁን ገለጥ አድርጋ አየችና፣ አንተ ሐኪም፣ አረንጓዴዪቱ የታለች? አለችኝ። ቤት ናት አልኳት። እንዴት ቤት? አለች። እኛን ያየችን እሷ አይደለችም? ሰዉ አጉረመረመ። ለካ በየቀኑ ያንን መጽሐፍ እየገለጥኩ ቆፍሩ ስል፣ እየደገምኩ መስሏቸው ኖሯል። ሽፋኑም አረንጓዴ ነው። ለወሎ ሙስሊም አረንጓዴ ምን እንደሆነ ታውቃለህ።

ያለ እሷ ዱዓ የለም አሉ። ምን ላድርግ? የሽንት ቤት መጽሐፍ ነው ልበል? ያንን ሁሉ ፊት እያየሁ አቃተኝ። ሰው ተልኮ አረንጓዴው መጣ። ሰንጠረዡን አወጡና ቦታውን ለሷ ሰጧት። ከዚያ መጽሐፉ በእጅ በእጅ ዞረ። ሙስሊሙ ስሞ ግንባሩ ላይ ያስቀምጣል፣ ክርስቲያኑ ይሳለማል። በሽፋኑ ላይ የጉድጓድ ሽንት ቤት ሥዕል አለ፣ ከነክዳኑ። አንድ የዋጃ ሽማግሌ ሥዕሉ ላይ ሦስት ጊዜ ሳሙት። ሳቄን ለመቆጣጠር ምላሴን ነከስኩ።

ዘሀራ ጋ ሲደርስ ግን ሳቁ ጠፋኝ። ይቺ መጽሐፍ ውሃ ትላለች? አለችኝ። ትላለች አልኳት። አልዋሸሁም። ከውሃ ራቅ አድርጋችሁ ቆፍሩ ትላለች። አብሽር፣ ታልፋለህ አለችኝ።

በመጨረሻ ሼህ ሙሄ ጋ ደረሰ። ከጋቢያቸው ሥር አስገብተው ብዙ ቆዩ። ዱዓው ረዘመ ብዬ አሚን እያልኩ ጠበቅሁ። እያሰብኩ የነበረው ጠዋት አረንጓዴውን አውጥቼ ሰንጠረዡን መልሼ እንደምጠቀልል ነው። መች ሆነልኝ! ዘሀራ ጥቅሉን እኔ ነኝ የምሸከመው ብላ ወስዳ፣ በማግሥቱ አውቶቡሱ ሲደርስ በመስኮት አቀበለችኝ። ሰንጠረዡ ቆቦ ቀረ። እኔ፣ ቀዩና የሽንት ቤቱ መጽሐፍ ደሴ ገባን።

ደሴ ብርድ ነው። የቆላ ሰው ነኝ፤ ከመፈተኛው ክፍል በር ላይ ጥርሴ ይንገጫገጫል፣ ሰዉ የፈራሁ ይመስለዋል። ፈታኙ መነጽር ያደረጉ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። የእያንዳንዱን ሰው መጽሐፍ ጀርባውን ይዘው ገልብጠው ያራግፋሉ። ቀዩን አራገፉ፤ ምንም። ገለጥ ገለጥ አድርገው፣ እንዴት ንጹሕ ነው! ብለው አመሰገኑኝ። የላጲሴ ዋጋ ተመለሰልኝ። አረንጓዴውን አራገፉ። አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ወለሉ ላይ ወደቀ።

ዘረጉት። ከላይ እስከ ታች የዐረብ ፊደል ነው። ምንድን ነው? አሉኝ። ሼህ ሙሄ ከጋቢያቸው ሥር የቆዩት ለካ ለዚህ ነው! ዱዓ ነው፣ ጌታዬ፣ አልኳቸው። አንብበው አሉኝ። አየሁት። አሊፍ አየሁ፣ ባ አየሁ፣ አንድ ታ ደግሞ አየሁ። ከጂም ወዲያ ያለውን አላውቅም። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ኳስ አስጠልቶኝ አያውቅም።

ፈታኙ ግን ፍርድ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ዱዓ ከሆነ ይገባል፣ የእጅ ጽሑፍ የሚባለው የትምህርት ማስታወሻ ነው አሉ። የሚያነብ ሰው ጥሩ ብለው የግቢውን ዘበኛ አስጠሩ። ዘበኛው ጋሽ ሰይድ እጃቸውን በመጎናጸፊያቸው ጠርገው ወረቀቱን በክብር ተቀበሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ቢስሚላሂን በዜማ አነበቡ። ከዚያ ቆም አሉ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ጌታዬ፣ ይሄ ዐረብኛ አይደለም አሉ። ፊደሉ ነው እንጂ የዐረብ፣ ነገሩስ አማርኛ ነው።

ዐጀም ነበር። የወሎ ሼሆች አማርኛውን በዐረብ ፊደል ይጽፋሉ፤ መንዙማውም እንዲሁ ነው የሚጻፈው። ጋሽ ሰይድ አማርኛ መሆኑን ሲያውቁ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ፣ እንዲህ ብለው አነበቡት፦

«ልጄ እንድሪስ፣ አላህ ያሳልፍህ። ከግራሯ ሥር አታስቆፍር። ውሃዋ ጨው ነው፤ አባቴ ቆፍሮ ደፍኗታል። ከመጠለያው በላይ፣ የሆርማት ጎርፍ አሸዋውን ከሚያራግፍበት ዘንድ፣ ሁለት ሾላዎች አሉ። በመኻላቸው አስቆፍር። በስምንት ሰው ቁመት ጣፋጭ ውሃ ታገኛለህ። ሽንት ቤቱን ከታች አድርገው፤ ጎርፍ ወደ ላይ አይሄድምና። ይሄንን በአፌ ስነግርህ በየትኛው መጽሐፍ አለ እያልክ መለስከኝ። ይኸው፣ በዚህኛው አለ።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ፈታኙ አልሳቁም። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የጥያቄ ወረቀት አንሥተው አዩ፤ የሼሁን ወረቀት አዩ፤ እኔን አዩ። በኋላ እንደሰማሁት የመጀመሪያው ጥያቄ ለመጠለያ የሚሆን የውሃ ጉድጓድ ቦታ አመራረጥ ነበር። ኩረጃ ነው አሉ ቀስ ብለው። ያውም ጥሩ ኩረጃ። ውጣ።

ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ከድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ዘሀራ ታልፋለህ ያለችኝ ትዝ አለኝ፤ ልቤ ተቃጠለ። ሼሁን ረገምኳቸው፣ እውነቱን ልናገር። ጋሽ ሰይድ አጠገቤ መጥተው፣ የጽሑፉ እጅ ግን ማማሩ! አሉኝ።

ፈታኙ ፈተናው ሲያልቅ እኔ ጋ መጡ። ሰውየው የጻፉት እውነት ነው? አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። ሾላዎቹን አይተሃቸዋል? በየቀኑ አልፋቸዋለሁ። ታዲያ ለምን አልጠየቅህም? መጽሐፎቼን አየሁ። መጠለያው ውስጥ ሰው እንዴት ነው? ሲሉኝ የዝናብ መዛባት አለ አልኳቸው። ዓይን ዓይኔን አዩኝና፣ በትክክል ንገረኝ አሉኝ። ነገርኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

ቆቦ ስመለስ ሼህ ሙሄ አስፋልቱ ዳር ቆመው ይጠብቁኛል። አለፍክ? አሉኝ። ተባረርኩ፣ በአንቱ ወረቀት አልኳቸው። ደነገጡ። ስህተት ነው አሉ እንዴ? አይ፣ ትክክል ነው አሉ፣ ለዚህ ነው ያባረሩኝ። ቢላሂ! አሉና ጢማቸውን ያዙ። ትክክል ሲሆን የሚያባርሩበት ትምህርት ነው እንዴ ከእኔ ያስጠፋህ? አሉኝ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ላንድሮቨር መጣ፣ ፓምፑን ጭኖ። ፈታኙ ወረዱ። ፈቃድ አላቸው፣ ይፈርማሉ። ቀጥ ብለው የሄዱት ሾላዎቹ ዘንድ ነው፣ የሼሁን ወረቀት በእጃቸው ይዘው፤ ማንበብ አይችሉትም፣ ግን ይዘውታል። ሼሁ በምርኩዛቸው ቦታውን አሳዩ። ተቆፈረ። በስምንት ቁመት አልተገኘም፤ በዘጠኝ ተገኘ። ሼሁ ያኔ ሰው ረጅም ነበር አሉ። ፈታኙ ለማረጋገጥ ከግራሯም ሥር ጥቂት አስቆፈሩ። የድሮው የተደፈነ ጉድጓድ ተገኘ፣ ከሥሩ ያለው ውሃም ጨው ነበር። እኔ ያን ቀን ፈተናውን ባልፍ ኖሮ፣ በፊርማዬ የማስቆፍረው እዚያ ነበር።

ውሃው በወጣበት ቀን ዘሀራ አልነበረችም። ከአምስት ቀን በፊት በተቅማጥ ሞታለች። ልጅቷ ተርፋለች፤ የዋጃው ሽማግሌ ወሰዷት። ይሄን ታሪክ ሳወራ እስቃለሁ፣ ሰውም ይስቃል። እዚህ ላይ ግን አልስቅም። ሼሁ መጀመሪያ የነገሩኝ ዕለት ብሰማ፣ ለደሴ በደብዳቤ ቦታውን ብጽፍ፣ ማን ያውቃል፣ ሰው ይልኩ ነበር ይሆናል። ላይልኩም ይችላሉ። እኔ ግን አልጻፍኩም።

በዓመቱ ተፈተንኩ። ፈታኙ እኚያው ናቸው። ሁለቱን መጽሐፎች፣ ቀዩንና አረንጓዴውን፣ ይዤ ገባሁ። አራገፏቸው፤ ምንም አልወደቀም። እንደ ማዘንም አደረጋቸው መሰለኝ። ስለ ጉድጓድ ቦታ አመራረጥ አሁንም ጥያቄ ነበር። የሼህ ሙሄን ቃል ከአናት እስከ ግርጌ ጻፍኩት፤ ጎርፉን፣ አሸዋውን፣ ሾላዎቹን፣ ሽንት ቤቱ ከታች የሚሆንበትን። መጽሐፍና ገጽ ጥቀስ ይላል ደንቡ። የአረንጓዴውን መጽሐፍ ስም ጻፍኩና፣ ያ ወረቀት ተጣጥፎ የነበረበትን ገጽ ቁጥር አደረግሁበት። እጥፋቱ አሻራውን ትቶ ስለነበር ገጹ አልጠፋኝም። በዚያ ገጽ ያለው የዝንብ መከላከያ ክዳን ሥዕል ነው። ወረቀቴ ታርሞ ሲመለስልኝ ከገጹ ቁጥር ጎን በቀይ ቀለም፣ አይቼዋለሁ፣ ተብሎ ተጽፎበታል። አለፍኩ።

ሰሚራ ይሄን ሁሉ ሰማችኝ። የዘመኑ ልጅ እስከዚህ ድረስ መስማቷ ራሱ ይገርመኛል። ታዲያ ትልልቅ ሰዎችን አዳምጪ እያልከኝ ነው? አለችኝ። ኧረ አላልኩም። ስንቱ ትልቅ ሰው ነው ከግራሯ ሥር ቆፍር የሚለው! ያኔ የሆነልኝ ሼህ ሙሄ ስለጻፉ ነው። ተነሥቼ ሣጥኔን ከፈትኩና አረንጓዴውን መጽሐፍ አውጥቼ ሰጠኋት። ሽፋኑ ላይ ያለው ሥዕል በመሳም ብዛት ክዳኑ ጠፍቷል።

ተቀበለችኝ። አላገላበጠችውም፣ ማውጫውንም አላየችም። ጀርባውን ይዛ ገልብጣ አራገፈችው። ምንም አልወደቀም።

ወረቀቱስ፣ አባባ? አለችኝ።

ደሴ መዝገብ ቤት ነው አልኳት። ስለ ቆቦ ውሃ ከተጻፈው ሁሉ ትክክለኛው እሱ ነው። በእኔ ፋይል ውስጥ ታገኚዋለሽ፣ የኩረጃ ማስረጃ በሚለው ሥር።